ከስቴንት በኋላ ያሉት 12 ሳምንታት፦ በድሬዳዋ ከዚራ የሚሰጥ የልብ ተሀድሶ አገልግሎት

አባቴ ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር ጥገና ክፍል የጨረሱ የ66 ዓመት አዛውንት ናቸው። ባለፈው ዓመት ጠብበው በተገኙ ሁለት የልብ ደም ቧንቧዎቻቸው ውስጥ አዲስ አበባ ስቴንት (የጠበበውን ቧንቧ ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ተደርጎላቸው ወደ ድሬዳዋ ስንመለስ፣ በእጃችን የነበረው አንድ የመድኃኒት ማዘዣና “ከባድ ሥራ አይሥሩ፣ ቅባት ይቀንሱ” የሚል ምክር ብቻ ነበር። ከባድ የሚባለው ሥራ የትኛው እንደሆነ፣ ደረጃ መውጣት ይፈቀድ እንደሆነ፣ ደረታቸው ላይ ትንሽ ውጋት ሲሰማቸው ምን ማድረግ እንዳለብን የነገረን አልነበረም። በዚህ የተነሳ አባቴ ሁለት ወር ሙሉ ከአልጋ ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ አልጋ ሲመላለሱ ቆዩ፤ እግራቸው ሰለለ፣ እኛም ከፍርሃታችን የተነሳ የውሃ ብርጭቆ እንኳ እንዲያነሱ አንፈቅድም ነበር። ከዚራ ውስጥ በሚገኝ አንድ አነስተኛ ክሊኒክ የልብ ተሀድሶ ሕክምና፣ ማለትም በባለሙያ ክትትል የሚሠራ እንቅስቃሴና ምክር፣ እንደሚሰጥ የሰማነው ከጎረቤት ነው፤ ይህን ግምገማ የምጽፈውም እዚያ 12 ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ አባቴን አጅቤ ስመላለስ ያየሁትን መሠረት አድርጌ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ሥራ ቀላል ይመስላል። 30 ሜትር በሚረዝም መተላለፊያ ላይ ታካሚው በራሱ ፍጥነት ለ6 ደቂቃ ይመላለሳል፤ በስተመጨረሻ የሄደበት ርቀት፣ የደም ግፊቱና የልብ ምቱ ይመዘገባል። አባቴ 270 ሜትር ሄዱ። ይህን ቁጥር ሐኪሙ ለእኛም ለእሳቸውም ጮክ ብሎ ሲያነብልን፣ ከሕመሙ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ልባቸው ከ“አይቻልም” የተለየ ነገር ሰማን።

እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ሰውነትን በማፍታታት ይጀምርና ወደ እርምጃ ወይም ወደ ብስክሌት ይሸጋገራል፤ ከዚያም ቀስ በቀስ እየቀነሱ ይጨርሳሉ። ባለሙያዋ የድካሙን መጠን ከ6 (ምንም ድካም የለም) እስከ 20 (ከዚህ በላይ አይቻልም) ባለው መለኪያ እንዲናገሩ ታደርጋቸዋለች፤ ለአባቴ የተወሰነላቸው ከ11 እስከ 13 ያለው ነበር። የልብ ምትን ብቻ የማይቆጥሩበትን ምክንያት ስጠይቅ፣ አባቴ የሚወስዱት ሜቶፕሮሎል የተባለ መድኃኒት ምቱን ስለሚይዘው ቁጥሩ ድካማቸውን በትክክል እንደማያሳይ አስረዳችኝ። ለቤት የተሰጠን መለኪያ ደግሞ ይበልጥ የሚያመች ነው፦ እየተራመዱ ማውራት ከቻሉ ልክ ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ትንፋሽ ካጠራቸው ግን መቀነስ አለባቸው።

ይሁን እንጂ አገልግሎቱን ከሌላው ሁሉ የለየብኝ የእንቅስቃሴው ክፍል ሳይሆን ነርሷ ስለ ጫት የምትጠይቅበት መንገድ ነው። በዚህ ከተማ ስለ ጫት የሚጠይቅ ሐኪም አይጠፋም፤ የሚጠይቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለመገሠጽ ስለሆነ ታካሚው “ትቻለሁ” ብሎ ይገላገላል። አባቴም ከዚያ በፊት ለሦስት ሐኪሞች እንዲሁ ብለው ነበር። ነርሷ ግን “አባባ፣ በቀን ስንት ዙርባ ይቅማሉ? በስንት ሰዓት? ከማን ጋር?” ብላ እንደ ምግብ ጠየቀቻቸው፤ አባቴም እኔ ልጃቸው እንኳ የማላውቀውን እውነት ነገሯት። ከዚያም በጫቱ ውስጥ ያለው ካቲኖን ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ እንደሚያደርግ፣ የልብን ደም ቧንቧ ሊያኮማትር እንደሚችል፣ ስቴንት ላለው ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ በዝርዝር አስረዳቻቸው። በርጫ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፦ ሲጋራው፣ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳው፣ ለሰዓታት መቀመጡ፣ የሚዘለለው እራት፣ የሚጠፋው እንቅልፍ፣ በምርቃና የሚረሳው የማታ ኪኒን አብረውት ይገባሉ። የ66 ዓመቱ አባቴ ስኳርም ግፊትም ስላለባቸው፣ ከነዚህ አንዱም ለእሳቸው ቀላል አልነበረም። በ52 አገሮች ተካሂዶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ይፋ የሆነው ኢንተርሃርት የተሰኘ ጥናት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከሰተው ድንገተኛ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) አደጋ 90 በመቶ ያህሉ እንደ ማጨስ፣ ግፊት፣ ስኳር፣ የደም ቅባት፣ የሆድ ውፍረትና ጭንቀት ባሉ ዘጠኝ ምክንያቶች እንደሚገለጽ አሳይቷል፤ ነርሷ የአባቴን ማኅደር ስትሞላ ከዘጠኙ ስድስቱን አገኘችባቸው።

የክፍለ ጊዜው ሰዓት ከቀኑ 8 ሰዓት መሆኑ መጀመሪያ አስቆጥቶኝ ነበር፤ የድሬዳዋን የ8 ሰዓት ሙቀት የሚያውቅ ይረዳኛል። ሰዓቱ የተመረጠው የበርጫ ሰዓት ስለሆነ ነው ተብሎ ሲነገረኝ ግን ዝም አልኩ፤ ሐራራው በሚመጣበት ሰዓት አባቴ ብስክሌት ላይ ነበሩና። ቢሆንም ይህ ለሁሉም ታካሚ ሊሠራ አይገባም። ሽንት የሚያበዛውን ፉሮሴማይድ የሚወስዱና ውሃ የሚቀንስባቸው ሕሙማን በዚያ ሙቀት ሲንቀሳቀሱ ግፊታቸው ወርዶ ራሳቸውን ሲያዞራቸው ሁለት ጊዜ አይቻለሁ፤ ለእነሱ ማለዳ 1 ሰዓት ላይ ሌላ ቡድን ሊከፈትላቸው ይገባል።

ከአባቴ ጋር ከሚሠሩት መካከል ከሐረር በደንገጎ አቀበት ቁልቁል እየወረደች የምትመጣ አንዲት ወጣት ነበረች። የእሷ ሕመም ከአባቴ የተለየ ነው፤ በልጅነቷ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሪውማቲክ ትኩሳት አስከትሎባት፣ ቆይቶም የልቧን ቫልቭ ስላበላሸው ሰው ሠራሽ ቫልቭ ገብቶላታል። ክሊኒኩ ይህን ልዩነት ጠንቅቆ መያዙን አደንቃለሁ። የደረቷ አጥንት እስኪገጥም ለ12 ሳምንት 20 ሊትር ጀሪካን እንዳታነሳ ተከለከለች፤ ውሃ በጀሪካን ለሚቀዳበት ቤት ይህ ትልቅ ጉዳይ ስለሆነ እናቷንም ጠርተው አነጋገሩ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን ስለምትወስድ ጎመንን እንድትተው ሳይሆን በየሳምንቱ መጠኑን ሳትለዋውጥ እንድትበላ፣ ለአሜባ ሜትሮኒዳዞል ከመግዛቷ በፊት እንድትደውል፣ ጥርስ ከማስነቀሏ በፊት ስለ ቫልቩ እንድትናገር፣ እርግዝና ስታስብ አስቀድማ እንድታማክር መክረዋታል። የአሜባውን ነገር እኔ በበኩሌ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ መድኃኒቱ የዋርፋሪንን ኃይል አብዝቶ ደም መፍሰስ ያመጣል።

ቅር ያሰኘኝ ትልቁ ነገርም እዚሁ ላይ ነው። የደም መርጋትን የሚለካው የአይ.ኤን.አር ምርመራ በክሊኒኩ በተደጋጋሚ “ዕቃው አልቋል” ተብሎ ቀርቷል። በግራ በኩል ባለው ሚትራል ቫልቭ ቦታ የብረት ቫልቭ ያለው ሰው ውጤቱ በአብዛኛው ከ2.5 እስከ 3.5 መሆን አለበት፤ ቢወርድ ደም ቫልቩ ላይ ይረጋል፣ ቢወጣ ይፈሳል። ልጅቱ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ሳትመረመር ወደ ሐረር ተመልሳለች። ምርመራው እንደማይኖር አስቀድሞ በስልክ ማሳወቅ ምንም ወጪ የለውም። ክፍያው የአንድ ወር በአንድ ጊዜ መሆኑና የቀረንበት ቀን አለመካካሱም አላስደሰተኝም፤ ይህ ግን ከምርመራው ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው።

በ12ኛው ሳምንት አባቴ በዚያው መተላለፊያ 395 ሜትር ተራመዱ። ሲጋራውን ትተዋል፤ ጫቱን ሙሉ በሙሉ አልተዉም፣ ከዓርብ ከሰዓት በስተቀር ግን አይቅሙም፤ ነርሷም ይህንኑ እንዳለ መዝግባዋለች። መሄድ ለምትፈልጉ፦ የመድኃኒት ማዘዣችሁን፣ የኢኮውን (የልብ አልትራሳውንድ) ውጤትና ስቴንት ሲደረግ የተሰጣችሁን ካርድ ይዛችሁ ሂዱ፤ እኛ ካርዱን ቤት ረስተነው በመሄዳችን የመጀመሪያው ቀጠሮ ለሌላ ሳምንት ተላልፎብናል።