ባለ ባትሪው የምድር ቤት ፓምፕና የኢንሹራንሴ ውል፦ ሁለቱንም አይቼ የምለው

ከቤቴ ስር ያለው ክፍል የስፌት ክፍሌ ነው። ሁለት የስፌት ማሽን፣ አንድ ኦቨርሎክ፣ ግድግዳውን ይዞ የቆመ የጨርቅ መደርደሪያ አለበት። የደንበኛ ጨርቅ አንዴ የቆሸሸ ውሃ ከነካው አለቀለት፤ አጥቤ ልመልስ አይባልም። ለዚህ ነው የዚህን ክፍል ደኅንነት እንደ ቀላል ነገር የማላየው።

የምገመግመው ዕቃ ሦስት ነገር አብሮ የሚመጣበት ጥቅል ነው፦ በመብራት የሚሠራ ዋና ፓምፕ፣ በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ተጠባባቂ ፓምፕ፣ የውሃ ማንቂያ ደወል። ግን ስለ ፓምፑ ብቻ አውርቶ ኢንሹራንሱን መዝለል አይሆንም። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ አለ፤ ሰው የሚጎዳውም እዚያ ላይ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ወለሉ ዝቅ ባለበት ጥግ ጉድጓድ ይቆፈራል። በመሠረቱ ዙሪያ በጠጠር ተሸፍኖ የተቀበረ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቧንቧ የአፈሩን ውሃ እየሰበሰበ ወደዚያ ያመጣል። ውሃው ከፍ ሲል ተንሳፋፊው አብሮ ይነሳል፣ ፓምፑ ይነሳና ውሃውን ወደ ውጭ ይገፋል። በቃ ይኸው ነው።

«ግድግዳውን ውሃ የማያስገባ ቀለም ብትቀቢው አይበቃም ወይ?» ያሉኝ ብዙ ናቸው። አይበቃም። ውሃ የጠገበ አፈር ግድግዳ ይገፋል። በ1 ሜትር ጥልቀት ላይ የውሃ ግፊት በአንድ ካሬ ሜትር 1,000 ኪሎ ግድም ይደርሳል። ከውስጥ የተቀባ ቀለም ይህን ሲቀበል መጀመሪያ ያብጣል፣ ከዚያ ይላጣል። ቀለሙ ላብ ለሚመስል ቀላል እርጥበት ይረዳል። ለሚገፋ ውሃ ግን መውጫ መንገድ ማበጀት ይሻላል።

የጥቅሉ ትልቁ ነገር ተጠባባቂው ፓምፕ ነው። ኃይለኛ ዝናብና የመብራት መጥፋት አብረው መምጣት ይወዳሉ። ስለዚህ በመብራት ብቻ የሚሠራ ፓምፕ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው የሚከዳው። ይሄንን ከልቤ ነው የምለው፦ ከሁለቱ አንዱን ብቻ የመግዛት አቅም ያለው ሰው ትልቅ ነጠላ ፓምፕ ከሚገዛ፣ መካከለኛ ሆኖ ባትሪ ያለውን ይግዛ።

ተተክሎ ካለቀ በኋላ በባልዲ ውሃ እያፈሰስኩ ፈተንኩት። የዋናው ፓምፕ ተንሳፋፊ በዘንግ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወጣና የሚወርድ ዓይነት ነው። ይሄ ወድጄዋለሁ። በገመድ የሚንጠለጠለው ዓይነት ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ከግድግዳው ወይም ከቧንቧው ጋር ይያያዝና ውሃው ቢሞላም ሳይነሳ ይቀራል። የዘንጉን ደግሞ ወርዶ በዓይን ማየት ይቻላል፤ ተጣብቆ እንደሆነ በጣት ነካ ማድረግ ይበቃል።

ፓምፑ ሲሠራ ከቧንቧው ጎን ቀጭን ውሃ ተመልሶ ጉድጓዱ ውስጥ ይረጫል። ያፈሰሰ መስሎኝ ለተከለው ቧንቧ ሠራተኛ አሳየሁት። «እህቴ፣ ይቺን እንዳትደፍኛት፤ እኔ ነኝ የበሳኋት» አለኝ። ከቼክ ቫልቩ በታች ያለች፣ 3 ሚሊ ሜትር የምታህል ቀዳዳ ናት። ፓምፑ ውስጥ አየር ተቆልፎ ውሃ ሳይገፋ በባዶ እንዳይሽከረከር ታስተነፍሰዋለች። የመመሪያው ወረቀት ላይ በትንሽ ፊደል ተጽፏል፤ በትልቁ መጻፍ የነበረበት ነው። ቼክ ቫልቩ ራሱ ቧንቧው ውስጥ የቀረው ውሃ ተመልሶ ጉድጓዱን እንዳይሞላ ያግዳል። እሱ ከሌለ ፓምፑ ያንኑ ውሃ ደጋግሞ ሲያመላልስ ዕድሜውን ይጨርሳል።

እውነተኛው ፈተና የመጣው ዝናቡ ሳያባራ መብራት የጠፋ ሌሊት ላይ ነው። ደወሉ ቀሰቀሰኝ። ባትሪ መብራት ይዤ ወርጄ ከደረጃው ሥር ቆምኩ። ዋናው ፓምፕ ዝም ብሏል። ውሃው በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ቀስ እያለ ሲወጣ ይታያል፤ ቧንቧ ሠራተኛው በማርከር ያሰመረውን የመጀመሪያ መስመር አልፏል። ከዚያ ተጠባባቂው ተነሳ። ድምፁ ከዋናው ቀጠን ያለ ነው። ውሃው ለጥቂት ጊዜ ባለበት ቆሞ ቆየ፤ አንጀቴ ተላወሰ። ቀጥሎ መውረድ ጀመረ። ወለሉ ላይ ጠብ ያለ ውሃ የለም። ጨርቆቼ በቦታቸው ናቸው።

ከዚያ ሌሊት የተረዳሁት፣ ተጠባባቂው ከዋናው ያነሰ አቅም እንዳለው ነው። ሻጮች ይሄንን አፍ አውጥተው አይነግሩም። ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል የሚለውም ፓምፑ ምን ያህል ቶሎ ቶሎ እንደሚነሳ በሚለው ይወሰናል። ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር አምኖ መተኛት አይገባም። መብራት ቀኑን ሙሉ የሚጠፋበት ቦታ የሚኖር ሰው ሁለተኛ ባትሪ ወይም ጄኔሬተር ያስብበት።

ድክመቶቹን ልንገራችሁ። ደወሉ የሚጮኸው እዚያው ምድር ቤት ነው። ከላይ በሩ ተዘግቶ የሚተኛ ሰው ላይሰማው ይችላል፤ ስልክ ላይ መልእክት የሚልክ ዓይነት አለ፣ ይሄኛው ግን አይልክም። የባትሪው ጠቋሚ መብራት አረንጓዴና ቀይ ብቻ ነው። «እየደከምኩ ነው» የሚል መሀል ላይ ያለ ምልክት የለውም። ባትሪው ደግሞ ባይሠራም ያረጃል፤ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው የሚያገለግለው። እኔ የተገዛበትን ቀን በማርከር ጽፌ ባትሪው ላይ ለጥፌያለሁ። ተራው ባትሪ የተጣራ ውሃ መጨመር ይፈልጋል፣ ቻርጅ ሲደረግም ጋዝ ስለሚያወጣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ መቀመጥ አለበት። ጣጣውን የማይፈልግ ሰው የታሸገውን ዓይነት ይምረጥ።

አሁን ከፓምፑ አቅም ውጭ ስለሆነው ነገር። ፓምፕ የመጨረሻው መከላከያ ነው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። የመጀመሪያው ጣሪያው ላይ ነው ያለው። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 2,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል። አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ያ ሁሉ ከግድግዳው ሥር ከፈሰሰ የትኛውም ፓምፕ ሲታገል ነው የሚያድረው። አሸንዳውን አስጠረግሁ፣ መውረጃውንም ከግድግዳው 2 ሜትር እንዲርቅ አስቀጠልኩ። ቤቱ ዙሪያ ያለው አፈር ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ተደርጓል፤ በመጀመሪያው 3 ሜትር ውስጥ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው አፈር፣ አካፋና ጉልበት ብቻ ነው። ይሄን ሳይሠሩ ፓምፕ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ አያስኬድም።

ግድግዳው ላይ እርጥበት አይታችሁ ከየት እንደመጣ ግራ ከገባችሁ ቀላል ዘዴ አለ። ቁራጭ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጋችሁ ለጥፉና ለአንድ ሁለት ቀን ተዉት። ከላስቲኩ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ከረጠበ ውሃው ከአፈሩ እየመጣ ነው። ፊቱ፣ በክፍሉ በኩል ከረጠበ የክፍሉ አየር ነው የሚያልበው፤ ያኔ የሚያስፈልጋችሁ ፓምፕ ሳይሆን አየር ማናፈስ ወይም እርጥበት የሚስብ ማሽን ነው።

የፍሳሽ መስመር ወደ ኋላ ሲመለስም ይሄ ፓምፕ አያድንም። የመንገዱ መስመር ሲሞላ ቆሻሻው ውሃ በወለል ማፍሰሻው ወይም በሽንት ቤቱ በኩል ይወጣል። ለእሱ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ በፍሳሹ ቧንቧ ላይ ማስገጠም ነው መፍትሔው። ክዳኑ ተከፍቶ በየጊዜው መጽዳት አለበት፤ ቆሻሻ ከያዘው ሳይዘጋ ይቀራል።

ወደ ኢንሹራንሱ ልምጣ። የቀድሞው ኩባንያዬ ሠራተኛ በስልክ «የውሃ ጉዳት ሽፋን አለዎት፣ አይስጉ» ብሎኝ ነበር። ውሉን ቁጭ ብዬ ሳነበው ነገሩ ሌላ ነው። ተሸፍኗል የሚለው በድንገት የፈነዳ ቧንቧን ነው። ከመሬት ሰርጎ የገባ፣ በደጅ ጎርፎ የገባ፣ በፍሳሽ ተመልሶ የመጣ፣ ፓምፕ ቆሞ የሞላ ውሃ ሁሉም «የማይሸፈኑ» የሚለው ገጽ ላይ ተደርድሯል። ይሄ የዚያ ኩባንያ ብቻ ጠባይ አይደለም። የብዙ የቤት ኢንሹራንስ ውሎች አወቃቀር እንዲህ ነው። ያናደደኝ ግን ሰውዬው ባልተጠነቀቀ አፍ ማረጋገጫ መስጠቱ ነው። ሰው ያን ቃል አምኖ ንብረቱን ምድር ቤት ያስቀምጣል።

ለኢንሹራንስ ዋናው ጥያቄ ምን ያህል ረጠበ አይደለም፤ ውሃው በየት ገባ ነው። ያው ወለል፣ ያው ምንጣፍ፣ ያው ጉዳት ሆኖ መግቢያው ሲለይ መልሱ ይለያል። ቀስ በቀስ ለወራት ሲንጠባጠብ የቆየ ቧንቧም ብዙ ጊዜ አይከፈልም፤ የጥገና ጉድለት ነው ይባላል።

አዲሱን ውል ስገባ ጥያቄዬን በጽሑፍ ልኬ መልሱን በጽሑፍ ተቀበልኩ። ፓምፑ ቢቆም ወይም ፍሳሽ ቢመለስ የሚል ተጨማሪ ሽፋን አስገብቻለሁ። አረቦኑ፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የምከፍለው ገንዘብ፣ ትንሽ ጨመረ፤ አልቆጨኝም። ልብ በሉ ግን፣ ይህ ተጨማሪ ሽፋን የራሱ የክፍያ ጣሪያ አለው፣ ከዋናው የቤቱ ሽፋን በጣም ያነሰ ነው። ከራሴ የምከፍለው ድርሻም ለብቻው ተቀምጧል። የተበላሸውን ፓምፕ ራሱን አይተኩልኝም፤ የሚክሱት ፓምፑ በመቆሙ የተበላሸውን ንብረት ነው። የጎርፍ ሽፋን ደግሞ ጭራሹኑ ሌላ ውል ነው። ብዙ ጊዜ ከተፈረመ በኋላ እስኪጸና የሚጠበቅ ጊዜ ስላለው ሰማዩ ከጠቆረ በኋላ መሯሯጥ ዋጋ የለውም።

እንደኔ ቤቱ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይሄንን አበክሬ እላለሁ፦ የሥራ መሣሪያ በቤት ዕቃ ሽፋን ውስጥ ላይገባ ወይም በትንሽ ገንዘብ ሊገደብ ይችላል። ማሽኖቼን በስምና በመለያ ቁጥር ውሉ ላይ አስመዘገብኩ። የደንበኛ ጨርቅ የእኔ ንብረት ስላልሆነ እሱም ለብቻው ተጠይቆ ነው የተካተተው። የሚከፍሉት በአዲስ ዋጋ ነው ወይስ እርጅናውን ቀንሰው ነው የሚለውንም ጠይቁ። አሮጌ ማሽን ላላት ሰው ልዩነቱ ብዙ ነው።

ፓምፑና ውሉ የሚገናኙትም እዚህ ጋ ነው። ጉዳቱን የሚገምተው የኢንሹራንሱ ሰው፣ ገማቹ፣ ሲመጣ ፓምፑ ይሠራ እንደነበር፣ ባትሪው መቼ እንደተገዛ፣ አሸንዳው መቼ እንደተጠረገ ሊጠይቅ ይችላል። የግዢና የጥገና ደረሰኞቼን በስልክ አንስቼ ከቤት ውጭ የሚቀመጥ ቅጂ አድርጌያለሁ፤ ምድር ቤት የተቀመጠ ደረሰኝ አብሮ ይረጥባል። የክፍሉን ቪዲዮም ደረቅ በሆነበት ቀን ቀድቻለሁ። አንዳንድ ኩባንያዎች የፍሳሽ ቫልቭና ማንቂያ ላስገጠመ ሰው አረቦን ይቀንሳሉ፤ የእኔው ሳልጠይቅ አልነገረኝም፣ ስጠይቅ ግን ቀነሰልኝ።

ውሃ ከገባ ደግሞ ሶኬት ወይም የተሰካ ዕቃ የነካ ውሃ ውስጥ እግራችሁን አታስገቡ፤ ኃይሉ ከደረቅ ቦታ ይቆረጥ፣ ካልተቻለም ኤሌክትሪሺያን ይጠራ። ቀጥሎ ፎቶ፣ ቀጥሎ ለኢንሹራንሱ ስልክ። ገማቹ እስኪመጣ ብላችሁ እርጥቡን አታቆዩት። ሻጋታ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ሊጀምር ይችላል፣ ውሉም ጉዳቱ እንዳይባባስ የማድረግ ግዴታ ይጥልባችኋል። የተጣለውን ምንጣፍ ቁራጭ ግን አስቀሩ፤ ማስረጃ ነው። ክፍሉ በጥልቅ ውሃ ከተሞላና ውጭ ያለው አፈር ገና ውሃ የያዘ ከሆነ በአንዴ አታድርቁት። ከውጭ የሚገፋው ውሃ ከውስጥ የሚመክተው ሲያጣ ግድግዳው ሊሰነጠቅ፣ ሊደረመስም ይችላል። በቀናት ተከፍሎ ቀስ እያለ ይውጣ።

ፓምፑን ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩበት ለደወሉና ለባትሪው ጠቋሚ ነው። ተጨማሪ ሽፋኑንም የክፍያ ጣሪያው ዝቅ ያለ ቢሆንም አራት እሰጠዋለሁ፤ የጻፉልኝ መልስ ግልጽ ነው፣ የሚሸፈነውንና የማይሸፈነውን ለይቶ ያሳያል። ምድር ቤቱን ባዶ ዕቃ ማስቀመጫ ያደረገና አካባቢው ደረቅ የሆነ ሰው ዋናው ፓምፕና አንድ ትንሽ ማንቂያ ይበቃዋል። እዚያ የሚተኛ፣ የሚሠራ ወይም ቦይለሩን እዚያ ያስቀመጠ ሰው ግን ሙሉውን ጥቅል ይግዛ። ባትሪውን ለብቻው የምትገዙ ከሆነ የመኪና ማስነሻ እንዳይሰጧችሁ፤ እሱ ለአጭር ጉልበት የተሠራ ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ ፓምፕ ሲነዳ ቶሎ ይሞታል።