ካፋ ጫካ፦ በፓኬጅ ወይስ ገበሬ ቤት?

ዘንድሮ ኅዳር ላይ ከካፋዋ ከተማ ከቦንጋ ከተመለስኩ ወዲህ አራት ኪሎ ያለው ቢሯችን ውስጥ መቀመጫ አጣሁ። «ስንት ፈጀብሽ?» ይሉኛል። ከዚያ «እውነት ገበሬ ቤት አደርሽ?» ይቀጥላል። ለየብቻ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። በመጀመሪያው ተበላሁ፣ በሁለተኛው ተካስኩ።

አምና የሄድኩት በአስጎብኚ ድርጅት ፓኬጅ ነው። ሦስት ሌሊት፣ ለአንድ ሰው 26,500 ብር። ማስታወቂያው «ከካፋ ገበሬ ቤተሰብ ጋር» ይላል። ፎቶው ላይ ጎጆ አለ፣ ጀበና አለ፣ የሀገር ልብስ የለበሰች ሴት አለች። ከፈልኩ። ቦንጋ ስንደርስ ጎጆዋ ለካ የሆቴሉ ጓሮ ውስጥ ናት! ሳሩ አዲስ፣ ግድግዳው አዲስ፣ የጭስ ሽታ የሚባል የላትም። ቡና የምታፈላልንን ሴትዮ «ልጆችሽስ የት አሉ?» ብላት፣ «ቤት ናቸው፣ እኔም ማታ እገባለሁ» አለችኝ። ለቀኑ የሚከፈላት 400 ብር ነው። ፎርጅድ ጫማ ገዝቼ አውቃለሁ፣ ፎርጅድ ቤተሰብ ሲያጋጥመኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ጫካው ውስጥ የቆየነው ደግሞ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ሾፌሩ ከመንገድ ዳር ክላክስ እያደረገ ይጠራናል።

ዘንድሮ ራሴ ሄድኩ። ወጪውን ደብተር ላይ ይዤዋለሁ፣ ነገ ነዳጅ ቢጨምር አይያዝብኝ እንጂ። ባስ ደርሶ መልስ 2,400 ብር። ቦንጋ የገባሁበት ሌሊት ሆቴል 900። በማግስቱ ወደ ገጠሩ ሞተር፣ ደርሶ መልስ 600። ገበሬ ቤት ሦስት ሌሊት ከእራትና ቁርስ ጋር፣ በ700 ሂሳብ 2,100። አስጎብኚ ለሁለት ቀን 2,000። ስኳር፣ ሳሙናና የልጆች ደብተር 800። ድምሩ 8,800 ብር፣ የፓኬጁ ሲሶ ነው። ያውም አንድ ሌሊት ተጨምሮበት። ስጦታ ስትገዙ ብቻ ቡና ይዛችሁ እንዳትሄዱ። አንድ ጓደኛዬ ከቶሞካ ልግዛ ወይ ብላኛለች። ካፋ ነው እኮ የምትሄጂው!

መንገዱ ረጅም ነው፣ በጅማ በኩል ወደ 460 ኪሎ ሜትር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ካልተነሳችሁ ይመሽባችኋል። ቦንጋ ስትደርሱ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ሄዳችሁ የአካባቢውን ልጅ አስጎብኚ ጠይቁ። እኔን ያሳረፈኝ ቤተሰብ የተገኘው በእሱ ስልክ ነው።

ያ ቤት ጣሪያው ከውስጥ በጭስ ጠቁሮ ያብለጨልጫል። ጓሮው እንሰት ነው። ከእንሰቱ ጀርባ አጥር የለም፣ ጫካው ራሱ ይጀምራል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 ባዮስፌር (ሰውና ተፈጥሮ አብረው የሚኖሩበት ጥብቅ ቦታ) ብሎ የመዘገበው ደን ለእነሱ የማገዶ፣ የማርና የኮረሪማ ጓዳ ነው። ቡናው ማንም ሳይተክለው ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ይበቅላል። ለቀማ ላይ ስለደረስኩ አብሬ ለቀምኩ። እኔ ግማሽ ቅርጫት ሳልሞላ የቤቱ ትንሿ ልጅ ሁለተኛዋን ጀመረች።

ሊነጋ ሲል ጉሬዛዎቹ ማጓራት ይጀምራሉ። መጀመሪያ የወፍጮ ቤት ሞተር አልነሳ ብሎ መስሎኝ ነበር። አባወራው ከዛፍ ጫፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎውን አሳየኝ፣ አንገቴ እስኪታመም ቀና ብዬ ነው ያየሁት። ከቤት ያመጣልኝ የገተም ዛፍ አበባ ማር ነጭ ነው። አዲስ አበባ ነጭ ማር ባየሁ ቁጥር ስኳር ነው እያልኩ ማለፌ ቆጨኝ። እራት ቆጮ በጎመን ነበር። ቆጮን ክትፎ ቤት ብቻ የምናውቅ ሰዎች ከምጣድ ላይ ትኩሱን ስንበላው ሌላ ምግብ ነው። እናትየው «ብዪ እንጂ ልጄ» እያሉ ሁለቴ ጨመሩልኝ።

አሁን ደግሞ የማይወራው። ሽንት ቤቱ ውጭ ነው፣ ማታ ባትሪ ይዛችሁ ነው የምትወጡት። ቁንጫ አለ። በበጋም ይዘንባል። ጉንዳን መንገድ ሲያቋርጥ ካልሲያችሁን ሱሪው ላይ ካልሳባችሁ ጉድ ይፈላል። መብራት የለም። 20,000 የተጻፈበት ፓወር ባንኬ አንዴ ስልኬን ሞልቶልኝ ሞተ፣ እሱም ፎርጅድ።

ከእርጅና የተነሳ መንገድ የሚከብደው ወላጅ ወይም ሕፃን ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ገበሬ ቤቱ ይቅርባችሁ። ለእነሱም ቢሆን ፓኬጅ አልመክርም። ቦንጋ ሆቴል ያዙና ቀን ቀን ከአስጎብኚ ጋር ውጡ።

ፓኬጅ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ለሚል ደግሞ፣ ከመክፈሉ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ። ቤቱ ውስጥ ማታ ማን ያድራል? ከምከፍለው ውስጥ ለቤተሰቡ ስንት ይደርሳል? ሁለተኛውን ስጠይቅ አንዱ ቢሮ ስልኩን ዘጋብኝ። ፎቶም ከላኩላችሁ ጓሮውን እዩ። እንሰት ከሌለበት ተዉት።

ጫማ ላይ የሠራሁትን ስህተት እናንተ አትድገሙት። ከመርካቶ በ3,200 ብር «ኦሪጅናል ነው» የተባለ የተራራ ጫማ ገዝቼ ሄድኩ። በሁለተኛው ቀን ጭቃ ውስጥ የግራው ሶል አፉን ከፈተ። የቤቱ ትልቁ ልጅ ምንም ሳይለኝ ወስፌና ሲባጎ አመጣ። ሶሉን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ዙሪያውን እየወጋ ሰፋልኝ። ብር ብሰጠው እምቢ አለ። እሱ ራሱ የሚሄደው በፕላስቲክ ቦቲ ነው፣ እናንተም እሱን ግዙ፣ ከጫማዬ በብዙ ይረክሳል።

አዲስ አበባ ስገባ የቀኙም ለቀቀ። የፒያሳው ጫማ ሰፊዬ ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወርዷል፣ ፈልጌ አገኘሁት። የግራውን ገለባብጦ አየና «ይሄን ማን ሰፋልሽ?» አለኝ። ካፋ ነው አልኩት። «ይሄ ደህና ነው» ብሎ መለሰልኝና ለቀኙ ብቻ 200 ብር ተቀበለኝ።