ኩኪከተር፣ ኮፒየር ወይስ ባክስቴጅ? የቴምፕሌት ግብዓቶችና የማረጋገጫ ደንቦች ንጽጽር

አዲስ የሶፍትዌር ፕሮጀክትን ከባዶ ከመጀመር ይልቅ ቀድሞ ከተዘጋጀ ቴምፕሌት ማስነሣት በብዙ የልማት ቡድኖች ዘንድ የተለመደ አሠራር ሆኗል። ቴምፕሌቱ የፕሮጀክቱን ስም፣ ኃላፊነቱን የሚወስደውን ቡድን፣ አገልግሎቱ የሚከፍተውን ፖርትና የሚጠቀምበትን ዳታቤዝ ይጠይቃል፤ በተሰጡት መልሶች መሠረትም ፎልደሮቹንና ፋይሎቹን ያዘጋጃል። መሣሪያ ለመምረጥ የተቀመጠ ኃላፊ ብዙውን ጊዜ የሚመረምረው በመጨረሻ የሚወጣውን ኮድ ነው። በእኔ እይታ ግን ምርጫውን የሚወስነው ሌላ ነገር ነው፤ ተጠቃሚው የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ ስህተቱ የሚነገረው መቼ እንደሆነና መልሱን የሚያረጋግጠው ደንብ ከመጠይቁ ውጭ በሌላ መንገድ በሚገባ ግብዓት ላይም ይሠራ እንደሆነ ማየት ይገባል።

እዚህ የሚነጻጸሩት ሦስት መሣሪያዎች ናቸው። ኩኪከተር በፓይቶን የተጻፈና ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ የተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) መሣሪያ ነው። ኮፒየርም እንዲሁ የፓይቶን መሣሪያ ሲሆን፣ የተፈጠረውን ፕሮጀክት ቴምፕሌቱ በተሻሻለ ቁጥር ማደስ መቻሉ ይለየዋል። ባክስቴጅ ደግሞ ስፖቲፋይ ለራሱ ሠርቶት በ2020 ለሕዝብ ክፍት ያደረገው፣ በዚያው ዓመትም ለክላውድ ኔቲቭ ኮምፒውቲንግ ፋውንዴሽን ያስረከበው የገንቢዎች ፖርታል ነው፤ ቴምፕሌት ከክፍሎቹ አንዱ ብቻ ነው። የኩኪከተር ፈቃድ ቢኤስዲ፣ የኮፒየር ኤምአይቲ፣ የባክስቴጅ አፓቼ 2.0 በመሆኑ ለሦስቱም የፈቃድ ክፍያ የለም። የሚከፈለው የባለሙያ ጊዜ ነው፤ በዚያ ረገድ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ሰፊ ነው።

ለመመዘኛ የሚሆን አንድ ጉዳይ እንያዝ። በፓይቶን የሚጻፍና ኩበርኔቲስ (አገልግሎቶችን በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚያስኬድ ሥርዓት) ላይ የሚሰማራ አገልግሎት ስም ያስፈልገዋል። ኩበርኔቲስ ይህ ስም ከ63 ቁምፊ እንዳይበልጥ፣ ከትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ከአኃዞችና ከጭረት በቀር ሌላ እንዳይይዝ፣ በጭረት እንዳይጀምርና እንዳያበቃ ያዛል። የፓይቶን ሞጁል ስም ግን በተቃራኒው ጭረትን አይቀበልም፤ በምትኩ አንደርስኮር (_) ይጠቀማል፤ አንደርስኮርን ደግሞ ኩበርኔቲስ አይቀበልም። ስለዚህ ቴምፕሌቱ አንድ ስም ጠይቆ፣ አረጋግጦ፣ ሁለተኛውን ቅርጽ ራሱ ማውጣት አለበት። ተጠቃሚው ሁለቱንም እንዲጽፍ መጠየቅ ሁለቱ ስሞች የሚለያዩበትን ቀን በገዛ እጅ መጋበዝ ነው።

ኩኪከተር፦ ቀላል አጀማመር፣ ዘግይቶ የሚመጣ ስህተት

በኩኪከተር ግብዓቶቹ በአንድ የጄሶን (መረጃ በስምና በእሴት የሚጻፍበት ቅርጸት) ፋይል ውስጥ ስምና ነባሪ እሴት፣ ማለትም ተጠቃሚው ካልለወጠው የሚወሰድ መልስ፣ ሆነው ይዘረዘራሉ። በነባሪው ቦታ ዝርዝር ከተቀመጠ ጥያቄው ምርጫ ይሆናል፣ የዝርዝሩ የመጀመሪያ አባልም ነባሪ ሆኖ ይወሰዳል። አንዱን ስም ከሌላው ማውጣት ጂንጃ በሚባለው የቴምፕሌት ቋንቋ አገላለጽ በቀላሉ ይሠራል፤ በሁለት አንደርስኮር የሚጀምር ስም የተሰጠው ግብዓት ደግሞ ለተጠቃሚው ሳይቀርብ ይሰላል። ይህ ሁሉ በግማሽ ቀን የሚለመድ ነገር ነው።

ማረጋገጫው ላይ ግን መሣሪያው ደካማ ነው። የቁጥር ዓይነት ስለሌለው ፖርት የሚለው ጥያቄ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ይወሰዳል፤ አንድ ጥያቄ በሌላው መልስ ላይ ተመሥርቶ እንዲዘለል ማድረግም አይቻልም፤ ዳታቤዝ አልፈልግም ያለ ሰው የዳታቤዙን ስም መጠየቁ አይቀርም። ደንብ የሚጻፈው ፋይሎቹ ከመዘጋጀታቸው በፊት በሚሮጥ ሁክ በሚባል የፓይቶን ወይም የሼል ስክሪፕት ውስጥ ነው። ስክሪፕቱ በስህተት ኮድ ሲወጣ ኩኪከተር ሥራውን አቁሞ የጀመረውን ፎልደር ያጸዳል፤ በዚህ ረገድ ጥንቁቅ ነው። ችግሩ ሁኩ የሚሮጠው ጥያቄዎቹ ሁሉ ካለቁ በኋላ መሆኑ ነው። ተጠቃሚው ሁለተኛው መልስ ላይ የሠራውን ስህተት የሚሰማው የመጨረሻውን ከመለሰ በኋላ ነው፣ ከዚያም እንደገና ይጀምራል። ሦስት ጥያቄ ብቻ ላለው ቴምፕሌት ይህ አያስከፋም፤ ለአሥራ አምስት ግን ሰዎች ቴምፕሌቱን ትተው የጎረቤት ቡድንን ፎልደር ወደ መቅዳት ይመለሳሉ።

ሁኩ ሌላም ዋጋ አለው። ደንቡ በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ የሚሮጥ ሙሉ ፕሮግራም ነው፣ ኩኪከተርም ካልተከለከለ በቀር ሁኮችን ሳይጠይቅ ያስኬዳል። ቴምፕሌቶቹ ሁሉ ከድርጅቱ ውስጥ የሚመጡ ከሆነ ጉዳዩ ቀላል ነው፤ ከውጭ የሚወሰዱ ከሆነ ግን የስም አጻጻፍን ለማረጋገጥ ሲባል የማያውቁትን ስክሪፕት ማስኬድ ተመጣጣኝ አይደለም። ለበጎው ጎን፣ ሁኩ ያለ ጥያቄ በሚሠራው ሁነታም ስለሚሮጥ በአውቶማቲክ መስመር በኩል የሚመጣ ግብዓትም ከደንቡ አያመልጥም።

ኮፒየር፦ ደንቡ ከጥያቄው ጋር

ኮፒየር ያምል በሚባለው ለሰው በሚነበብ ቅርጸት በተጻፈ ፋይል ውስጥ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ዓይነት፣ መግለጫ፣ ምርጫ፣ ነባሪ እሴትና ማረጋገጫ እንዲጻፍ ይፈቅዳል። ጽሑፍ፣ ሙሉ ቁጥር፣ አስርዮሽ፣ አዎን ወይም አይደለም የሚሉት ዓይነቶች አሉት፤ በመሆኑም ፖርት ሙሉ ቁጥር ነው ከተባለ ፊደል የጻፈ ሰው ወዲያውኑ ይመለሳል። ማረጋገጫው አጭር የጂንጃ አገላለጽ ሲሆን አሠራሩ ያምራል፤ አገላለጹ ባዶ ከመለሰ ግብዓቱ ትክክል ነው፣ ጽሑፍ ከመለሰ ጽሑፉ ራሱ የስህተት መልእክት ሆኖ ይታያል። ስለዚህ የደንቡ ጸሐፊ «ፖርቱ ከ1024 እስከ 65535 መሆን አለበት» ብሎ በአማርኛ መጻፍ ይችላል፤ ተጠቃሚውም ከዚያው ጥያቄ ላይ ሳይነሣ ያርማል። የአማርኛ ጽሑፍ በሁሉም ተርሚናሎች በእኩል ውበት ስለማይታይ ግን ቀድሞ መሞከር ይገባል።

ጥያቄን በሁኔታ መዝለልም በአንድ መስመር ይሠራል። ያንኑ መስመር በቋሚነት ሐሰት በማድረግ ፈጽሞ የማይጠየቅ፣ ከሌላ መልስ የሚሰላ እሴት ማስቀመጥ ይቻላል፤ ጭረቱን ወደ አንደርስኮር የሚለውጠው ስሌት ቦታው እዚህ ነው። ማረጋገጫው ተራ አገላለጽ እንጂ ስክሪፕት ባለመሆኑም ተጠቃሚው ለቴምፕሌቱ ልዩ እምነት መስጠት አያስፈልገውም፤ ኮፒየር ትእዛዞችን የሚያስኬዱ ቴምፕሌቶችን ግን ግልጽ ፈቃድ ካልተሰጠው አይቀበልም። ይህ ድንበር በትክክለኛው ቦታ የተሰመረ ይመስለኛል።

ቴምፕሌቱ የመልሶች ፋይል ካካተተ ኮፒየር መልሶቹን በፕሮጀክቱ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ቴምፕሌቱ ሲታደስም ጥያቄዎቹን የቀድሞዎቹን መልሶች ነባሪ አድርጎ ያቀርባል፣ ለውጡንም በነባሩ ፕሮጀክት ላይ ያዋህዳል። ለዚህ ቴምፕሌቱ በጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግብ ሥርዓት) ታግ ሥሪት የተሰጠው መሆንና ፕሮጀክቱም በጊት ውስጥ መኖር ይኖርበታል። ደንብ በጊዜ ሂደት ጥብቅ እየሆነ የሚሄድ ነገር በመሆኑ፣ ዛሬ የወጣው ጥብቅ ደንብ ባለፈው ዓመት የተፈጠሩ ፕሮጀክቶችን የሚያገኝበት መንገድ መኖሩ ከሚታሰበው በላይ ዋጋ አለው።

ባክስቴጅ፦ ሁለት ዓይነት ደንብ በአንድ ቅጽ

ባክስቴጅ ጥያቄዎቹን በድረ ገጽ ላይ እንደ ቅጽ ያቀርባል። ግብዓቶቹ የሚገለጹት በጄሶን ስኪማ፣ ማለትም የመረጃን ቅርጽና ገደብ በሚወስን መግለጫ፣ ነው፤ የግዴታ መስኮች፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ ቁጥር፣ የርዝመት ገደብ፣ የተፈቀዱ እሴቶች ዝርዝርና የሬጀክስ (የጽሑፍን ቅርጽ የሚገልጽ አጻጻፍ) ንድፍ ሁሉ በያምል ይጻፋሉ። ቅጹ በገጾች ሊከፈል ይችላል፤ የአንዱ ገጽ ስህተት ሳይታረም ወደሚቀጥለው አይታለፍም፣ ከመፈጸሙ በፊትም መልሶቹ በአንድ ላይ ለግምገማ ይቀርባሉ። ተርሚናል ለማይከፍት ሞካሪ ወይም የምርት ኃላፊ ከሦስቱ የሚመቸው ይህ ብቻ ነው።

ገዢው በትኩረት ሊያየው የሚገባው ግን ሌላ ነው። በባክስቴጅ ውስጥ ደንብ የሚባለው ነገር በሁለት ቦታ ይኖራል። በጄሶን ስኪማ የተጻፈው ደንብ በብሮውዘሩም በሰርቨሩም ይመረመራል፤ ስለዚህ አንድ ሰው ቅጹን አልፎ በኤፒአይ፣ ማለትም ፕሮግራሞች በቀጥታ በሚነጋገሩበት መንገድ፣ ጥያቄ ቢልክም ሰርቨሩ ይመልሰዋል። ከስኪማ በላይ የሆነ ደንብ፣ ለምሳሌ ስሙ ቀድሞ የተያዘ እንደሆነ የሚጠይቅ፣ በታይፕስክሪፕትና በሪአክት የራስ መስክ (ቡድኑ ራሱ ፕሮግራም አድርጎ የሚሠራው የቅጽ መስክ) ሆኖ ይጻፋል፤ ይህ ግን የሚሮጠው በብሮውዘሩ ውስጥ ብቻ ነው። በኤፒአይ በኩል ለሚመጣው ግብዓት እንዲህ ያለ ደንብ እንደሌለ ይቆጠራል። የቡድን መምረጫውም ተመሳሳይ ወጥመድ አለው፤ ስሞችን ከካታሎግ (ቡድኖችና አገልግሎቶች ከሚመዘገቡበት ዝርዝር) ቢያቀርብም፣ በካታሎግ የሌለ ጽሑፍ እንዳይቀበል በአማራጩ ካልተከለከለ በቀር ተጠቃሚው የፈለገውን መጻፍ ይችላል። ጥብቅ ሊሆን የሚገባ ደንብ ያለው ቡድን ፍተሻውን በቴምፕሌቱ የመጀመሪያ እርምጃ ላይ፣ አክሽን በሚባል በሰርቨሩ በሚሠራ ኮድ ውስጥ መድገም አለበት።

አንዱን መስክ ከሌላው አስልቶ በቅጹ ላይ ማሳየት ያለ ራስ መስክ አይሠራም፤ ነገር ግን ስሌቱን በኋላ በሚሮጡት እርምጃዎች ውስጥ ጂንጃን በሚመስለው የነንጃክስ አገላለጽ ማስቀመጥ ስለሚቻል የፓይቶኑ ስም ጉዳይ ይፈታል። በሁኔታ የሚታይ መስክም አለ፤ አጻጻፉ ግን በጄሶን ስኪማ ጥገኝነት በኩል በመሆኑ ከኮፒየር አንድ መስመር ጋር ሲተያይ ረጅምና ለማንበብ አድካሚ ነው። የሬጀክስ ስህተት ሲፈጠር በነባሪ የሚታየው መልእክት ንድፉን ራሱን ስለሚደግም ለተጠቃሚው ምንም አይነግረውም፤ የራስን መልእክት በስኪማው ውስጥ መጻፍን ከመጀመሪያው ልማድ ማድረግ ይሻላል።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ባክስቴጅ የሚጫን ፕሮግራም ሳይሆን የሚገነባና የሚንከባከቡት አፕሊኬሽን ነው። ኖድ፣ ዳታቤዝ፣ የመግቢያ ሥርዓትና ታይፕስክሪፕት የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ይህን ሸክም ለሌላ መስጠት የሚፈልግ ድርጅት እንደ ሮዲ ያለ በአገልግሎት መልክ የሚቀርብ ወይም እንደ ሬድ ሃት ዴቨሎፐር ሃብ ያለ በደንበኝነት ክፍያ የሚሸጥ ሥሪት ያገኛል።

የግዕዝ ፊደል የሚያጋልጠው ልዩነት

አማርኛ በሚጻፍበት ቡድን ውስጥ በተለይ የሚታይ አንድ ጉዳይ አለ። በሬጀክስ ውስጥ በባክስላሽና በደብልዩ የሚጻፈው፣ «የቃል ፊደል» የሚል ትርጉም ያለው ምልክት በፓይቶን 3 ውስጥ የግዕዝ ፊደላትንም ይቀበላል፤ በጃቫስክሪፕት ግን የእንግሊዝኛ ፊደላትን፣ አኃዞችንና አንደርስኮርን ብቻ ነው የሚቀበለው። ስለዚህ ያንኑ ንድፍ በኩኪከተር ሁክ ውስጥ የጻፈ ሰው «ደመወዝ» የሚል የአገልግሎት ስም ሳይቃወም ያሳልፋል፤ ባክስቴጅ ላይ ግን ያው ንድፍ ይመልሰዋል። ፓይቶን ራሱ በግዕዝ የተጻፈ ስም ስለሚቀበል ስህተቱ በልማት ጊዜ አይታይም፣ የሚወጣው ኩበርኔቲስ ጋር ሲደረስ ነው። አጭር ምልክቱን ትቶ የተፈቀዱትን ፊደላት ከመነሻ እስከ መድረሻ በግልጽ መጻፍ ችግሩን ያስወግዳል። በጄሶን ስኪማ ደግሞ ንድፉ የጽሑፉን መጀመሪያና መጨረሻ የሚያስሩ ምልክቶች ከሌሉት ከመካከል አንድ ቁራጭ ብቻ ቢገጥምም ያልፋል፤ ብዙ «የማይሠሩ» ደንቦች በእውነት የሚሠሩ፣ ነገር ግን ያልታሰሩ ናቸው።

ምስጢራዊ ግብዓትን በአጭሩ፦ ኩኪከተር መልሶቹን ሁሉ በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ በግልጽ ጽሑፍ ስለሚያስቀምጥ የይለፍ ቃል በእርሱ በኩል መጠየቅ አይገባም። ኮፒየር ምስጢር ተብሎ የተመለከተን መልስ በመልሶቹ ፋይል ውስጥ አይጽፍም። በባክስቴጅ የምስጢር መስኩን መጠቀም ያስፈልጋል፤ ጽሑፉን በነጥብ ብቻ የሚሸፍነው የይለፍ ቃል ሳጥን መልሱን እንደ ተራ ግብዓት ያስቀምጠዋል።

ለማን የትኛው

ጥቂት ገንቢዎች ላሉት፣ ሁሉም ተርሚናል ለሚጠቀሙበት ቡድን ያለ ማመንታት ኮፒየርን እመርጣለሁ። ኩኪከተርን የምመክረው ለሥራው የሚስማማ የተዘጋጀ ቴምፕሌት በእርሱ ቀድሞ ካለ ወይም ጥያቄዎቹ እጅግ ጥቂት ከሆኑ ብቻ ነው። ባክስቴጅ ተገቢ የሚሆነው ብዙ ቡድኖች፣ ብዙ አገልግሎቶችና አንድ የጋራ ካታሎግ ሲኖሩ ነው፤ ለቴምፕሌት ብቻ ብሎ እርሱን መትከል ግን ወጪውን አይመልስም።

ከመወሰን በፊት በእጩው መሣሪያ ላይ አንድ ሙከራ ቴምፕሌት ተሠርቶ አምስት ግብዓቶች ይሰጡት፦ 64 ፊደል ያለው ስም፣ በጭረት የሚያበቃ ስም፣ በግዕዝ የተጻፈ ስም፣ 70000 የሚል ፖርት፣ በዝርዝሩ የሌለ የቡድን ስም። ከዚያ እነዚያው አምስቱ ያለ መጠይቁ፣ ለተርሚናሎቹ መሣሪያዎች በትእዛዝ መስመር፣ ለባክስቴጅ ደግሞ በኤፒአይ በኩል ይላኩ፤ የሁለቱ ዙር ውጤት የሚለያይበት መስክ ካለ፣ ከመሰማራቱ በፊት ደንቡ እንደገና መጻፍ ያለበት መስክ እርሱ ነው።