ናኖ አረፋ ለሽንኩርት ርጭት፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

የናኖ አረፋ ማሽኑን የገዛሁት ጥቅምት ላይ ነው፤ አሁን ሐምሌ ገብቷል። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ሁለት ዙር ሽንኩርት ሳላነሳበት አፌን መክፈት ስላልፈለግሁ ነው። መቂ አካባቢ የዝዋይን ሐይቅ ውሃ እየሳብን ሽንኩርትና ቲማቲም ከምናለማው አንዱ ነኝ። ዋጋውን አልናገርም፤ ባለቤቴ ታነበዋለች። ያገለገለ ባጃጅ ይገዛ ነበር ብል ይበቃል።

ማሽኑ አየርን ውሃ ውስጥ አድቅቆ ይበትናል። የአንዱ አረፋ ስፋት ከሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ያንሳል። የአምቦ ውሃ አረፋ ወደ ላይ ሮጦ ይፈነዳል፤ ይሄኛው ግን ከትንሽነቱ የተነሳ መውጣት አቅቶት እዚያው እየዋለለ ለቀናት ይቆያል። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው፣ አልከራከርም። ክርክሬ ሻጩ ከዚህ ቀጥሎ በነገረኝ ላይ ነው፦ ጠብታው ቅጠሉ ላይ ይዘረጋል፣ መድኃኒቱ ቅጠሉን እንዲይዝ የምንጨምረው ማጣበቂያ ቀረ፣ መድኃኒቱን በግማሽ ትቀንሳለህ፣ ሐይቁም ከኬሚካል ያርፋል።

ሐይቁ ያርፋል ሲለኝ ነው የተሸነፍኩት። ከማሳዬ ዝናብ አጥቦ የሚወስደው ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ቆሮሶ ዓሣውንም የምንበላው ከዚያው ነው።

የሙከራው ቀን ማሽኑን አስነስቶ በብርጭቆ ቀዳልኝ፤ ውሃው ወተት መስሏል። ደቂቃ አልቆየም፣ ከሥር እየጠራ መጣ። መርጫ የሚያዝለው ልጅ «ጋሼ፣ አለቀ እንዴ?» አለኝ። እኔ ሞኙ «የማይታየው ነው ዋናው» ብዬ አስተማርኩት። ለካ ወተት የመሰለው ትልልቁ አረፋ ኖሯል፤ ናኖው በዓይን አይታይም። ሻጩ አረንጓዴ የጨረር እስክሪብቶ አውጥቶ «ይኸው መስመሩ!» አለ። በእኛ ውሃማ ማሽኑ ሳይነሳም መስመሩ ይታያል፤ ጭቃ ነዋ!

ሽንኩርት ያለማ ሰው የሚቀጥለውን ይገምታል። ቅጠሉ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ሰም የተቀባ ነው፤ ውሃ ሲያርፍበት እንደ ዶቃ ተንከባልሎ ይወርዳል። ትሪፕስ የምንለው ደቃቃ ተባይ ደግሞ ቅጠሎቹ በሚገናኙበት አንገት ውስጥ ተሸጉጧል። ለዚህ ነው ሁላችንም መርጫው ውስጥ ማጣበቂያ፣ እሱን ያጣ ደግሞ የልብስ ሳሙና ዱቄት ጣል የምናደርገው። የእህቴ ልጅ የግብርና ባለሙያ ነው፤ እንደነገረኝ የንጹሕ ውሃ የገጽ ውጥረት፣ ማለትም ጠብታውን እንደ ዶቃ የሚያድቦለቡለው ኃይል፣ 72 ሚሊኒውተን በሜትር ነው፣ ጥሩ ማጣበቂያ ወደ 30 ግድም ያወርደዋል። አረፋው ከዚህ የሚቀንሰው ካለ እንኳ የእኔን ሽንኩርት ሰም አልረታም።

ጥር ላይ ለየሁት። አንዱ መደብ ላይ የተጣራ ውሃ ብቻ፣ ሁለተኛው ላይ የተጣራና አረፋ የገባበት፣ ሦስተኛው ላይ የተጣራና ማጣበቂያ ያለበት ተረጨ። መድኃኒቱም መጠኑም አንድ፣ ረጪውም አንድ ሰው። መደቦቹ ላይ ለምልክት ጨርቅ አሰርኩ፤ ልጁ የትኛው የትኛው እንደሆነ አላወቀም። ከአራት ቀን በኋላ ሽንኩርቱን ነጭ ወረቀት ላይ እያራገፍን ትሪፕሱን ቆጠርን። ማጣበቂያ ያለው ለብቻው ተለየ። ሁለቱ ግን መንታ ናቸው፣ በአረፋና ያለ አረፋ!

ግማሽ መጠኑንም ሞከርኩ፤ ገንዘብ ያወጣ ሰው ቶሎ ተስፋ አይቆርጥም። ትሪፕሱ ሠርግ ደገሰ። በሳምንቱ ሙሉውን መጠን መርጨት ግድ ሆነብኝ። ግማሽ ሲደመር ሙሉ ስንት ነው? ለሐይቁ አዝኜ በገዛሁት ማሽን አንድ ተኩል እጥፍ ረጨሁ ማለት ነው።

ሻጩ አጠገቤ ቢሆን የሚለውን አውቃለሁ፦ «ጋሼ፣ በአየር ፈንታ ኦክስጅን ቢያስገቡበት...»። ወንድሜ፣ ትሪፕሱ ለመተንፈስ ተቸግሮ አይደለም እኮ። «ሌሎች ደንበኞቻችን ረክተዋል» ትላለህ። ማሳቸውን አሳየኝ፤ መንገዱን በራሴ ነዳጅ እሄዳለሁ።

አሁን ደግሞ ያልጠበቅሁትን ላውራ። ማሽኑ ጭቃ አይወድም። ያለ ማጣሪያ ከሠራ ዋስትናው ስለሚፈርስ ዲስክ ማጣሪያ አብሮ ሰጠኝ፣ እንደ ምርቃት። በየማታው ፈትቶ ማጠብ ነው፤ ክረምት ሲገባማ በቀን ሁለቴ። መጀመሪያ ተራግሜበታለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ግን አንድ ነገር ጎደለብኝ፤ የመርጫው አፍንጫ መደፈን አቁሟል።

ከዚያ በፊት አፍንጫው ሲደፈን ልጁ ምን ያደርግ እንደነበር ልንገራችሁ። ፈትቶ ከንፈሩ ላይ አድርጎ በአፉ ይነፋው ነበር፣ መድኃኒቱ እየተንጠባጠበ። ስንት ዓመት አይቼ አልፌዋለሁ። «ተው» እለዋለሁ፣ «እሺ ጋሼ» ይለኛል፣ ዞር ስል ይነፋል። አሁን የሚነፋው የለም። አፍንጫው እኩል ስለሚረጭ «እዚያ ጋ አልደረሰም» ብሎ የተረጨውን መድገምም ቀረ። በሁለተኛው ዙር በእርግጥ ያነሰ መድኃኒት ገዝቻለሁ፤ ያነሰው ግን በማጣሪያው የፕላስቲክ ዲስኮች ነው።

የእህቴ ልጅ በዚያው ሰሞን የአሲድ መለኪያ ወረቀት አመጣ፤ ውሃችን ከ8 በላይ ነው፤ 7 መካከለኛ ነው፣ ከዚያ በላይ የአሲድ ተቃራኒ ማለት ነው። እንደ ማላታዮን ያለው መድኃኒት እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ ቶሎ ይፈርሳል፤ እኛ ደግሞ በርሜል ውስጥ በጥብጠን እናሳድረው ነበር። ግላይፎሴት የሚባለውን የአረም መድኃኒት ደግሞ ጭቃው ራሱ ይዞ ያዳክመዋል። አሁን ጠዋት አጣርተን፣ ጥቂት ሲትሪክ አሲድ ጨምረን፣ ወዲያው ነው የምንረጨው። (መዳብ ያለበት መድኃኒት ላይ አሲድ አትጨምሩ፤ ቅጠሉን ያቃጥላል።) አረፋው ይህን አላስተካከለም፣ አያስተካክልምም።

አልክድም፣ ማሽኑ ማታ ማታ ማጠራቀሚያው ኩሬ ላይ ሲሠራ ሽታው ጠፍቷል፣ የጠብታ መስኖው ቱቦም እንደ ድሮው አይደፈንም። መብራት ሲኖር ነው ታዲያ። ለኩሬ ብዬ ግን አልገዛሁትም፤ ኩሬ ለማናፈስ ብቻ ይህን ያህል ብር የሚያወጣ ሰው ካለ ስልኬን ይጠይቀኝ። ቅናሽ አደርጋለሁ፣ የጨረር እስክሪብቶውንም እመርቃለሁ። ማጣሪያውን ግን አልሰጥም።