ለሳሳ ፀጉር፦ የጥብስ ቅጠል ዘይት ወይስ ሚኖክሲዲል?

በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ በዘር የሚመጣ መሳሳት ያለባቸው 100 ወንዶች ግማሾቹ የጥብስ ቅጠል (ሮዝመሪ) ዘይት፣ ግማሾቹ 2 በመቶ ሚኖክሲዲል (የራስ ቆዳ ላይ የሚቀባ የፀጉር ማሳደጊያ መድኃኒት) ለ6 ወር ተቀቡ። በ3ኛው ወር ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም፤ በ6ኛው ግን የሁለቱም ፀጉር በተቀራራቢ መጠን ጨመረ። ደስ ያሰኛል። ሆኖም ከጠንካራው 5 በመቶ ጋር አልተነጻጸረም፤ መሳሳቱ ከገፋ እኛ ሚኖክሲዲልን እንመርጣለን።

ዘይቱን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ አቀባቡ ነው። ሳይበረዝ ከተቀባ የራስ ቆዳ ያቃጥላል። ለ30 ሚሊ ሊትር የሰሊጥ ወይም የጉሎ ዘይት 12 ጠብታ ይበቃል። መጀመሪያ ክንድ ላይ ቀብታችሁ 24 ሰዓት ጠብቁ። ቅጠሉን ቤት ውስጥ ዘይት ላይ ዘፍዝፎ ማቆየት ከቅጠሉ ተነጥሮ ከሚሸጠው ዘይት ጋር አንድ አይደለም፤ ጥንካሬው አይታወቅም። በአዳማ ሙቀት ደግሞ ጠርሙሱ መስኮት ላይ ከዋለ ዘይቱ ይበላሽና ቆዳ ያሳክካል፤ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ።

ሚኖክሲዲል 1 ሚሊ ሊትር ጠዋትና ማታ፣ በደረቀ የራስ ቆዳ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፀጉር ይበልጥ ሊረግፍ ይችላል፤ አሮጌው ለአዲሱ ቦታ እየለቀቀ ነውና ደንግጣችሁ አታቁሙት። ካቆማችሁት ያበቀለው በወራት ውስጥ ይረግፋል። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች አይጠቀሙበት።

ግንባሩ በጠበቀ ሹሩባ የሳሳ ከሆነ ግን ከሁለቱም በፊት ሹሩባው ይላላ። ድንገት ክብ ሆኖ የተመለጠ ወይም የቆሰለ ቦታ ካለ ወደ ቆዳ ሐኪም ሂዱ።