የጠባሴን የድሮ ፎቶዎች ላተረፈልን ባለሙያ

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ላደጋችሁ ሁሉ። የሰፈሩን ልጆች የተማሪነትና የመጀመሪያ ሥራ ዘመን ፎቶዎች ከየቤቱ ሰብስቦ በአንድ አልበም ማስቀመጥ የተቻለው በአንድ የፎቶ ቤት ወንድማችን እጅ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልን! ለምን እንደምንጠቁመው በዝርዝር እንጽፋለን፤ እናንተም ቤት ያለው ፎቶ እንዳይበላሽ ይጠቅማል።

አስቸጋሪዎቹ ከመስታወት ጋር የተጣበቁት ናቸው። ከተማችን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ሌሊት ብርዱ ሲበረታ እርጥበቱ መስታወቱ ላይ ጤዛ ይሆናል፤ የፎቶው ፊት የጄላቲን ሽፋን ስላለው ሲርስ ይለሰልሳል፣ ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይይዛል። በጥፍር ወይም በቢላ ከተላጠ ተገንጥሎ የሚቀረው የሰውየው ፊት ነው። ባለሙያው ለማላቀቅ አይታገልም። ከፍሬሙ አውጥቶ፣ መስታወቱን ከውጭ በኩል ወልውሎ ከነመስታወቱ ስካን ያደርገዋል። አዲሱን ኅትመት ፍሬም ውስጥ ሲያስገባ ደግሞ ዙሪያውን የካርቶን ጠርዝ ያደርግለታል፤ ፎቶውና መስታወቱ እንዳይነካኩ።

ሙጫ ያለው አልበም ላይ የተለጠፉትን ከማዕዘን ጀምሮ ቀጭን ክር ከጀርባቸው አስገብቶ ግራና ቀኝ እየሳበ ያነሳል። የኩበት ጭስ ያጠቆረውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ ያራግፋል። እባካችሁ በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጉ፣ ጥላሸቱን ወደ ውስጥ ያሰርገዋል።

ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ዘመን የቀረች አንዲት 3 በ4 ጉርድ ፎቶ ነበረች፣ ከሥራ መታወቂያ ላይ በስቴፕለር የተያዘች። ሽቦው ዝጎ ወረቀቱን ቡናማ አድርጎታል። ከፊት ጎትቶ አላወጣውም፤ ከጀርባ እግሮቹን ቀጥ አድርጎ ገፋው። በኢንች 1,200 ነጥብ ስካን ስላደረጋት 12 በ16 ሴንቲ ሜትር ሆና ጥርት ብላ ታተመች። የፖስታ ካርድ መጠን ላለው ፎቶ 600 ይበቃል። ትከሻው ላይ ያረፈውን የማኅተም ግማሽ ክብ ላጥፋው ወይስ ይቆይ ብሎ ጠየቀ፤ ይቆይ ተባለ፣ ቆየ።

ከሁሉም በላይ የምናመሰግነው ግን ፊት ስለማይፈጥር ነው። አሁን ፎቶ የሚያጠራ አፕ ብዙ ነው፤ የደበዘዘውን ዓይንና አፍንጫ ከራሱ ይሞላና እናት የማታውቀው ልጅ ይሰጣችኋል። እሱ ጭረቱን ልብስና ግድግዳ ላይ ይሸፍናል፣ ወደ ቀይ የሄደውን የ1970ዎቹ ቀለም ይመልሳል፤ ፊት ላይ የጠፋውን ግን እንደጠፋ ይተወዋል። በየቤቱ ያሉ እናቶች ልጆቻቸውን የለዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ስትሄዱ ፎቶውን ከነፍሬሙ፣ ከነአልበሙ ውሰዱ፤ ቤት ውስጥ ለማላቀቅ አትሞክሩ። ኔጌቲቭ (ፎቶው የታተመበት ፊልም) ካላችሁ እሱን አስቀድሙ፣ ከታተመው ይሻላል። ጀርባው ላይ ስምና ዓመት ስትጽፉ በለስላሳ እርሳስ ይሁን፤ እስክሪብቶ በፊት በኩል ጎልቶ ይወጣል። ፋይሉን በፍላሽ ተቀበሉ። በቴሌግራም ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክላችሁ፣ ካልሆነ ጥራቱ ይቀንሳል።

ዋጋውን ፎቶውን አይቶ ሥራ ሳይጀምር ነው የሚነግራችሁ። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን።