ለእንግሊዝኛ «ቪአይፒ» ቻናል ብር ከመላካችሁ በፊት

የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች፣ ወላጆችም ጭምር፣ ይቺን አንብቧት። ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ፣ ከፍሎ በሚገባበት «ቪአይፒ» ቻናል፣ «የኢንትራንስ እንግሊዝኛ ሙሉ ፓኬጅ፣ 5,000 ጥያቄ ከነመልሱ ከነማብራሪያው» እየተባለ የሚቸበቸብ ፒዲኤፍ አለ። ዋጋው 500 ብር ነው። የአክስቴ ልጅ ከፍላ አስገባች። እኔ ተማሪ ስለማስጠና «እስቲ ላኪልኝ» ብዬ ገጽ በገጽ አየሁት። በአጭሩ ሿሿ ነው።

ሲጀመር ጥያቄዎቹ የኛ አይደሉም። ገና መግቢያው ላይ አንድ ሰውዬ ቤቱን በ«ፋይቭ ላክ ሩፒስ» ይሸጣል። ላክ ህንዶች መቶ ሺህን የሚጠሩበት ነው። ትንሽ ዝቅ ስትሉ ራሜሽ ባቡር ያመልጠዋል። ሱኒታ ደግሞ ዴልሂ ውስጥ ለባንክ ሥራ ትፈተናለች። እዚያ አገር ለባንክና ለመንግሥት ሥራ የሚወዳደሩ ሰዎች የሚለማመዱበት ነገር ነው፤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ሞልቷል። ሻጩ የድሮውን ድረ ገጽ ስም በነጭ ሸፍኖ የራሱን ሎጎ ለጥፎበታል። አንዳንዱ ገጽ ላይ መሸፈኑን ረስቶታል፣ ግማሹ ስም ይታያል።

የህንድ መሆኑ ብቻውን ነውር የለውም። ግራመር የትም ግራመር ነው። ችግሩ የጥያቄው ዓይነት ነው። እነሱ ጋ ስህተት ያለበትን የዓረፍተ ነገር ክፍል ማውጣትና አንድን ሐረግ በአንድ ቃል መተካት በብዛት ይመጣል። የኛ ተፈታኝ ግን የተቋረጠ ዲያሎግ ያሟላል፣ የተዘበራረቀ ዓረፍተ ነገር ያስተካክላል፣ ረዘም ያለ ፓሴጅ አንብቦ ይመልሳል። በዚህ «ሙሉ ፓኬጅ» ውስጥ አንድም ፓሴጅ የለም። አንድም!

ይኼም ይሁን ብዬ ወደ መልሶቹ ሄድኩ። እዚህ ላይ ነው ደሜ የፈላው። «ኖ ሱነር ሃድ ሺ አራይቭድ ... ኢት ስታርትድ ቱ ሬይን» የሚል ጥያቄ አለ። ባዶ ቦታው ላይ የሚገባው «ዛን» ነው። የመልስ ቁልፉ «ዌን» ይላል። ማብራሪያው ደግሞ «ዌን ጊዜን ስለሚያመለክት»። በቃ፣ ይኼው ነው ማብራሪያው። ዓረፍተ ነገሩ በ«ሃርድሊ» ቢጀምር ኖሮ «ዌን» ልክ ነበር። ፈታኝ ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው ተማሪው መለየት አለመለየቱን ለማየት ነው። ፓኬጁ እንዲምታታበት ያለማምደዋል።

ሌላ ልጨምር። «ኒዘር ዘ ዳይሬክተር ኖር ዘ ቲቸርስ» ብሎ ይጀምርና «ዋዝ» ወይስ «ወር» ይላል። ግሱ የሚከተለው ቅርቡን ስም ነው። ቅርቡ «ቲቸርስ» ስለሆነ መልሱ «ወር» ነው። ቁልፉ «ዋዝ» ብሏል። ይኸው ጥያቄ ራሱ ወደ ኋላ ተደግሞ ይመጣል፣ እዚያ ላይ መልሱ «ወር» ሆኗል። 5,000 የሞላው እንዲህ ነው፤ አንዱን ሦስት ቦታ እየቀዱ።

500 ብሩ ይቅር እንበል። ልጅቷ ግን ቁልፉን በቃሏ ይዛዋለች። የተሳሳተ ነገር ከጭንቅላት ማስወጣት አዲስ ከማስያዝ ይከብዳል፣ ያስጠና ያውቀዋል።

የቮካቡላሪው ክፍል ቃል በአንድ በኩል፣ የአማርኛ ፍቺ በሌላ በኩል የተደረደረበት ዝርዝር ነው። አንድም ዓረፍተ ነገር የለውም። ፈተናው ላይ ቃሉ ፓሴጅ ውስጥ ገብቶ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ አላውቅም።

ዋናው ወጥመድ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የከፈለ ሰው ኢንቦክሱ ውስጥ መልእክት ይገባለታል፦ «ቪአይፒ 2፣ ትክክለኛው ፈተና፣ 3,000 ብር፣ ለ10 ሰው ብቻ»። ይኼ ነገር ሰው የሚያምነው በ2008 የሆነውን ስለሚያስታውስ ነው። ያኔ እውነትም የእንግሊዝኛው ፈተና ሶሻል ሚዲያ ላይ ወጥቶ ነበር። ግን ምን ሆነ? ግንቦት ላይ ፈተናው በሙሉ ተሰረዘ። ሁሉም ሐምሌ ላይ እንደ አዲስ ተፈተነ። ቀድሞ ያገኘውም ያላገኘውም እኩል ሆነ። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ እየገቡ መፈተን ጀመሩ፣ ስልክም ይዞ መግባት አይቻልም።

ገበያው የሚደራው በፍርሃት ነው። በ2014 ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4። ይህን የሰማ ወላጅ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ነጋዴውም ያውቃል።

የግድ ልግዛ የምትሉ ከሆነ መጀመሪያ አስተዳዳሪውን አንድ መልስ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁት። እኔ «ኖ ሱነር»ን ጠየቅኩት፣ ብሎክ አደረገኝ። ኮሜንት የተዘጋበት ቻናል ላይ የሚለጠፍ «95 አመጣሁ፣ ተባረኩ» የሚል ስክሪንሹት ማንም በአንድ ደቂቃ የሚሠራው ነው። ቴሌብር ላይ ቁጥሩን ስታስገቡ የሚመጣውን ስምም እዩት። «አካዳሚ» ተብሎ የተዋወቀው ነገር የግለሰብ ስም ካመጣ እዚያው ተዉት።

በነፃ ያለውን ደግሞ አትናቁ። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉት የእንግሊዝኛ መጻሕፍት አሉ፤ በየዩኒቱ ያሉትን ፓሴጆች ሠርቶ የጨረሰ ተማሪ ስንቱ ነው? ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ከትምህርት ቤታችሁ ላይብረሪ ጠይቁ። የብሪቲሽ ካውንስልና የቢቢሲ የእንግሊዝኛ መማሪያ ገጾች ማብራሪያቸው የተስተካከለ ነው፣ አያስከፍሉም።

የከፈላችሁ ካላችሁ ከምንም በፊት ቻቱን ስክሪንሹት አድርጉ። ቴሌግራም ላይ ሰውዬው መልእክቱን ከእናንተም ስልክ ማጥፋት ይችላል፣ የአክስቴ ልጅ ላይ እንዲሁ አድርጓል። የቴሌብሩን የክፍያ መልእክት ከነቁጥሩ አስቀምጡ። ቻናሉን ሪፖርት አድርጉት፤ «ቪአይፒ 2» የከፈላችሁ ደግሞ ሁለቱንም ይዛችሁ ፖሊስ ጋ ሂዱ።